ሦስት ማንኪያ አብርድ

ሰኞ፣ ቀን 4

የነርቭን መድኃኒት ያገኘሁት እኔ ነኝ። እሺ፣ መድኃኒቱ ገና አልተገኘም። ሲገኝም የምታገኘው ዶክተሯ ናት። ግን የምታገኝበትን ብርጭቆ የማጥበው እኔ ነኝ፤ ብርጭቆ ካልጠራ ደግሞ ምን ይታይበታል? ስለዚህ ግማሹ የእኔ ነው። እሺ፣ ሩቡ።

ይህ ደብተር ሽልማቴ ነው። የማታ ትምህርቱን ስንጨርስ መምህሩ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ሰጠን። «ጻፉበት። ፊደል እንደ ጎረቤት ነው፣ ካልጠየቁት ይኮርፋል» አለን። በሃምሳ አንድ ዓመቴ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ሁለተኛ ማለቴ ነው። አንደኛ የወጣችው የቢሮ ጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ እሷ ግን በልጅነቷ ትንሽ ተምራ ነበር፣ አይቆጠርም።

ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ከተማው ጸጥታ የለውም። ግድግዳው ሁሉ ያወራል። ዱሮ የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለኝ ነበር። አሁን «ትኩስ ዳቦ» የሚለውን ሱቅ አነብና ዳቦውን እጫነዋለሁ፤ ድንጋይ ነው። እንግዲህ ፊደል የለየ ሰው ውሸትም ለየ ማለት ነው።

የምሠራው ዕፅዋት የሚመረመርበት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ብልቃጥ አጣቢ ነኝ። ቴክኒሻኑ፣ መነጽሩ የምንለው፣ «አቶ ብልቃጥ» ይለኛል። ዶክተሯ ግን «ጋሼ» ነው የምትለኝ። ብዙ አትናገርም። የመጀመሪያው ቀን ያለችኝ ይህን ብቻ ነው፦ «ጋሼ፣ በሳሙና ይጠቡ፣ በቧንቧ ውሃ ያለቅልቁ፣ ከዚያ በተጣራው ውሃ ሦስቴ። ሦስቴ ነው፣ አይርሱ። ትንሽ ሳሙና ከቀረ ሕዋሶቹ ይሞቱና ቅጠሉ ገደላቸው ብዬ ሰው አሳስታለሁ።»

ሕዋስ ማለት ሰው የተሠራበት ጡብ ነው። የነርቩ ሕዋስ ደግሞ ወሬ አቀባይ ነው፤ እጅ ሲቃጠል ሮጦ ለጭንቅላት ይነግራል። እነዚህን በትንንሽ ሳህን ላይ ያሳድጓቸዋል፣ እንደ ሰው ገላ በሚሞቅ ቁምሳጥን ውስጥ። ከዚያ የቅጠሉን ውሃ ያጠጧቸዋል። ቅጠሉ ሰው አብርድ የሚለው ነው። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው አፍልቶ ይጠጣዋል።

ታላቅ እህቴ እታለምም ትጠጣዋለች። ልብስ ሰፊ ናት። ካለፈው ዓመት ወዲህ ቀኝ እጇ ይንቀጠቀጣል። እኔን ያሳደገችኝ በዚያ እጅ ነው።

ሐሙስ፣ ቀን 7

ዛሬ ዶክተሯ ወይን ጠጅ በሚመስል ውሃ ላይ የአብርድ ጠብታ ጨመረች። ውሃው ዓይኔ እያየ ቢጫ ሆነ! አስማት ነው ብዬ ብርጭቆ ልጥል ነበር።

«ዝገት ማብረዱ ነው» አለኝ መነጽሩ። «ሰውም ውስጡ እንደ ብረት ይዝጋል፣ አቶ ብልቃጥ። ቅጠሉ የሚያዝገውን ነገር ቀድሞ ይይዘዋል።»

ዶክተሯ ከማይክሮስኮፑ ቀና ሳትል፣ «ይሄ በብርጭቆ ነው። ሰው ብርጭቆ አይደለም» አለች።

ለምን እንዲህ አለች? ጥሩ ነገር ሲያገኝ የማይስቅ ሰው አንድ ነገር ደብቋል።

ማምሻውን መምህሩ ጋ ክለሳ ሄድን። ዓረፍተ ነገር ጻፉ ሲለን ሰሌዳው ላይ «እህቴ ሰፊ ናት» ብዬ ጻፍኩ። መምህሩ አየት አድርጎ፣ «ምን ያህል ትሰፋለች? በበር ትገባለች?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ፊደላችን አያጠብቅም፣ አያላላም» አለ ሳቁ ሲበርድ። «ያው አንድ ‹ሰፊ› ሲላላ መርፌ ይዛ ትቀመጣለች፣ ሲጠብቅ በር አይበቃትም። ‹አለ› ሲላላ ሰው ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ ሰውየው ቤት ውስጥ ነው። ማን ያጠብቀዋል? አንባቢው። ስለዚህ ከማጥበቃችሁ በፊት ግራና ቀኙን እዩ።»

እኔ ይህን ገና ሳይነግረን አውቀው ነበር። ማለት፣ አፌ ያውቀው ነበር።

እሑድ፣ ቀን 10

እታለም ቤት ዋልኩ። ሁለት ክፍል ናት። የስፌት መኪናዋ ከመስኮቱ ሥር ናት፤ ከወዲያኛው ጥግ ደግሞ የባሏ ጠረጴዛ። ባሏ ሰዓት ሠሪ ነው፤ ደቂቃ እለዋለሁ፣ እሱ ባለበት አይደለም እንጂ። ፊት ለፊት ጋሼ ነው። ይህ ሰው በዓመት አርባ ቃል ቢናገር ነው። ጠዋት ጠዋት አብርዱን የሚያፈላላት እሱ ነው። ዱቄቱን ከጣሳው በትንሿ ማንኪያ ያወጣና አፏን በቢላዋ ጀርባ ይልጋታል፣ አንዲት ፍሬ እንዳትተርፍ። ለሚስቱ ሳይሆን ለሰዓት ዘይት የሚሰፍር ነው የሚመስለው።

የ«ሰፊ»ን ነገር ለእታለም ስነግራት በመለኪያ ሜትሯ ገረፈችኝ። «አንተ ቀልቃላ! ለዚህ ነው ያስተማርንህ?» አለች፣ እንባዋ እስኪመጣ እየሳቀች። ከዚያ፣ «በል እስቲ፣ የናንተ ላቦራቶሪ ስለኔ ቅጠል ምን ይላል?» አለችኝ።

ነገርኳት። ወይን ጠጁ ቢጫ ሲሆን፣ ዝገቱ ሲያዝ፣ እኔ ባጠብኩት ብርጭቆ። ትንሽ ጨምሬ ይሆናል፣ ወሬ ካላበጡት አይጣፍጥም። እጇ ጭኗ ላይ እየተንቀጠቀጠ ነበር የምትሰማኝ።

ደቂቃ ከጥግ፣ «በቀን ስንት ይላሉ?» አለ።

«ሦስት» አልኩት።

ምክንያቱም ዶክተሯ ነግራኛለች። ኮሪደር ላይ አስቁማኝ፣ ጓንቷን እያወለቀች፣ «ጋሼ፣ ለነርቭ ሦስት ማንኪያ ነው፣ ከዚያ ካነሰ ዋጋ የለውም» አለችኝ። ቃል በቃል።

«የራሷ ቃል ነው?»

«የራሷ ቃል ነው!»

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» አለ ደቂቃ ወደ ሰዓቱ ተመልሶ።

«ተው እንጂ አንተ ሰውዬ! ወንድሜ እኮ አሁን የተማረ ነው» አለች እታለም። አላሳፈረችኝም። መቼም አሳፍራኝ አታውቅም።

ረቡዕ፣ ቀን 13

እታለም ደወለች። «ወንድሜ፣ እጄ ቀለል አለኝ። ዛሬ ክሩን ያለ አጋዥ መርፌው ውስጥ አስገባሁት!» አለች። ለመነጽሩ ነገርኩት። ለጥበቃውም። ለአውቶቡሱ ሾፌርም። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም፣ እጄ ረጥቧል።

እሑድ፣ ቀን 17

ሸሚዝ ሰፍታልኛለች! እጅጌው አንዱ ከአንዱ ይረዝማል፣ ግን ሸሚዝ ነው። መንቀጥቀጡ ጸጥ ብሏል። «እጄ ሰው ሆነ» ትላለች። ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች። አንዲት ጎረቤቷ በር ላይ አስቁማኝ «ዶክተር» አለችኝ፣ እኔም አላረምኳትም። ቸኩዬ ነበር።

ደቂቃ ግን ጣሳውን ወደ ላይኛው መደርደሪያ አውጥቶታል። ለምን?

ማክሰኞ፣ ቀን 19

ዛሬ ያየሁትን ሳልረሳው።

የማታ ትምህርቱን ፈተና ካለፍኩ ወዲህ ዶክተሯ የሚታጠበውንና የማይታጠበውን ሳህን በወረቀት ጽፋ ትለይልኛለች። ዱሮ ቀይና አረንጓዴ ፕላስተር ነበር። እኔ ስላነበብኩ ደስ ያላት መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ቁጥር 1 እና ቁጥር 2 ላይ የተለጠፈው፦ አዳኝ፤ አይደፋ።

ቁጥር 3 ላይ፦ የሞተ፤ ይደፋ።

ደግሜ አነበብኩት። አዳኝ። ጠመንጃ ይዞ ጫካ የሚገባው። በዚህ ቤት ውስጥ አንድ ነገር የነርቭ ሕዋስ እያደነ ነው። ገዳዩ በክብር ቁምሳጥን ውስጥ ይተኛል፣ ሟቹን እኔ በሳሙና አጥባለሁ።

ከእቃ ማድረቂያው ጀርባ ቆሜ ሳለሁ መነጽሩ ገባ። «ሦስተኛው ረድፍ በሙሉ አልቋል። ባለፈውም አልቆ ነበር» አለ።

«ድምፅህን ቀንስ። እንደገና እስኪሠራ ለማንም አይወራም» አለችው ዶክተሯ።

ብልቃጡን አንኳኳሁት። ዞር ብለው አዩኝና ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። ስለ ዝናብ! በምርምር ቤት!

አንድ ነገር አለ። አጥብቄ ነው የጻፍኩት።

እሑድ፣ ቀን 24

እታለም መርፌ ወጋት። ወጋት ብቻ አይደለም። ስትሰፋ መርፌው በአመልካች ጣቷ ገብቶ ቀርቶ ነበር፤ እሷ ታወራኛለች። «እታለም፣ ደም!» ስላት ልብሱን ነው የፈለገችው። «የታል? ጨርቁን ነካው?» ጣቷ ላይ መሆኑን ሳሳያት እንደ ሌላ ሰው ጣት አየችው።

«አይ፣ ደንዝዞ ነው» አለች። «እግሬም ጫማ እንዳደረገ ነው፣ ባዶ እግሬን ስሆን እንኳ። መድኃኒቱ ሲሠራ ይሆናል።»

ደቂቃ መርፌውን በሰዓት መቆንጠጫው አወጣላት። እጁ አልተንቀጠቀጠም። እሱን ነበር የማየው። ሚስቱ ስትደማ እጁ የማይንቀጠቀጥ ባል ምን ዓይነት ባል ነው? ማን ነው የሚያፈላላት? እሱ። ጣሳውን ማን ነው ከፍ ያደረገው? እሱ። ስንት ይጨምራል፣ ከቅጠሉ ጋር ምን ይጨምራል፣ ማን አየው?

ልሄድ ስል በር ላይ፣ «እርግጠኛ ነህ ስለ ሦስቱ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

በእኔ ላይ ሊያላክክ ነው! ገባኝ። ገና ከአሁኑ መንገድ እየጠረገ ነው።



ረቡዕ፣ ቀን 27

ከሥራ ስወጣ ቅጠል ሻጯ ጋ ሄድኩ። ደቂቃ ከእሷ ሱቅ ሲወጣ አየሁት። ከእንጨት ምሰሶ ጀርባ ተደበቅሁ። ምሰሶው ቀጭን ነው፣ እኔ ሰፊ ነኝ (ጠብቆ)። ግን አላየኝም።

ሻጯን ያዝኳት። «ሰውየው ምን ፈልጎ ነው?»

«ምን አገባህ? ዘመድህ ነው?»

«አማቼ ነው።»

«እንግዲያው ጠይቀው።» ቅጠሏን ማሰር ቀጠለችና፣ «ሰው ሦስት ማንኪያ ቢጠጣ ምን ይሆናል ብሎኝ ነው። እናቴ ከአንድ በላይ ሰጥታ አታውቅም አልኩት። አንድ ይበቃል። ሦስት የሚል ማን እብድ ነው?» አለች።

አያችሁ? ምን ይሆናል ብሎ ይጠይቃል። ምን እንደሚሆን ማወቅ ለምን ፈለገ?

የሻጯን የመጨረሻ ቃል መጻፍ አልነበረብኝም። አልፍቀውም፣ ደብተሩ ይቆሽሻል።

ዓርብ፣ ቀን 29

ያዝኩት። በዓይኔ።

ጠዋት ሳልነግራቸው ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። እታለም ጓዳ ናት። ደቂቃ ከኩባያው ዱቄት በማንኪያ እያወጣ ወደ ጣሳው ይመልሳል። ወደ ጣሳው! ሌላ ነገር ሊተካበት ነው ብዬ ዘልዬ እጁን ያዝኩት።

«ምን እያደረግህ ነው ጋሼ?»

«እየቀነስኩ ነው» አለኝ። ምንም አልደነገጠም። «ሦስት አድርጌ አሳያትና ሁለቱን እመልሳለሁ። ከሰኞ ጀምሮ።»

«ዶክተሯ ያዘዘችውን ትቀንሳለህ? ልትገድላት ነው?»

እታለም ወጣች። ሁለታችንን አየች፣ ኩባያውን አየች። ሠላሳ ዓመት ያላየሁባት ፊት ነው ያየሁባት። «አንተ ደግሞ!» አለችው ባሏን። «እኔ እዚህ መዳኔን እየጠበቅሁ ትሰርቀኛለህ? ሳይነግርህ ቀረ? ዶክተሯ ናት ያለችው!»

«እኔ ዶክተሯን አላውቃትም» አለ ደቂቃ። «አንቺን ነው የማውቀው።»

«እሱ ያውቃታል!» ወደ እኔ ጠቆመች። ጣሳውን ነጠቀችው። አንድ። ሁለት። ሦስት። ሙሉ ሙሉ፣ ሳትልግ። እጇ መያዙ ስላልተሰማት አንዱ ማንኪያ ወለል ላይ ወደቀ። እንደገና ሰፈረች። ፊታችን ጠጣችው።

አሸነፍኩ። እንዲህ አሸንፌ አላውቅም።

ሰኞ፣ ቀን 2

ወሩ ተለወጠ። ረጅም ነው የምጽፈው።

ጠዋት ዶክተሯን ቀድሜ ገባሁ። ከሳህኖቹ ላይ ወረቀቶቹን ላጥኩና በእጄ ይዤ ጠበቅኋት። ገና ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ «ዶክተር፣ አይደብቁኝ። እኔ አሁን አነባለሁ። አብርድ የነርቭ ሕዋስ አዳኝ ነው?» አልኳት።

ፊቷ በራ። «አዎ ጋሼ! በመጀመሪያውና በሁለተኛው ረድፍ እንደዚያ ነው የሚመስለው።»

«እና በዚህ ይደሰታሉ? ሰው እየጠጣው?»

«ብደሰት ምን አለበት?»

«ጫካ ገብቶ እየገደለ!»

አፏን ከፍታ አየችኝ። ወረቀቱን ተቀበለችኝ፣ አነበበችው፣ ከዚያ ስትስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋት። «ውይ ጋሼ! አዳኝ እኮ አይደለም። አዳኝ ነው! ላላ አድርገው ያንብቡት። ሕዋሶቹን የሚያድን ማለት ነው!»

«የሚያድን» ብዬ ስጽፈው አሁንም ሁለት ነው። ምን ዓይነት ፊደል ነው? የሚያተርፍ፣ ብዬ ልጻፈው። የሚያተርፍ። መምህሩ ግራና ቀኙን እዩ ብሎ ነበር። የፈራ ሰው ግን ሁሉን አጥብቆ ያነባል።

ልስቅ አልኩ። ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። «ታዲያ ሦስት ቁጥሩ ለምን ይደፋል?»

እሷም ሳቋን አቆመች። «እሱ የከበደው መጠን ነው። እዚያ ላይ ቅጠሉ ራሱ ሕዋሱን ይገድላል። እዚያ ላይ እርስዎ እንዳነበቡት ነው።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ «የሚጠጣው ሰው ማን ነው?» አለችኝ።

«እህቴ።»

«ስንት ትጠጣለች?»

«ሦስት ማንኪያ።»

«ማንኪያና ረድፍ አንድ አይደለም። ሰው ላይ አልሞከርነውም፣ አላውቅም። ቢሆንም ዛሬውኑ ታቁም። ጣቷ፣ እግሯ ይደነዝዛል?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ክሊኒክ ይውሰዷት። ዛሬ። ማን ነው ሦስት ያላት?»

መስኮቱ ላይ ዝንብ ነበረች። «ባሏ» አልኩ።

የሚያፈላው እሱ ነው እኮ። የሚያፈላ ሰው ነው የሚሰፍረው። ሙሉ ውሸት አይደለም።

ማክሰኞ፣ ቀን 3

ክሊኒክ ዛሬ ነው የተሳካው። ሐኪሙ ዓይኗን አስጨፍኖ ጣቶቿን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገ።

«ሲሰማሽ ንገሪኝ።»

«እሺ፣ ጀምር» አለች እታለም።

አራቴ ወግቷት ነበር።

ደቂቃ ወደ ግድግዳው ዞረ። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሁሉ አነበብኩ። «እጅዎን ይታጠቡ» ይላል። አሥር ጊዜ አነበብኩት።

«ይመለሳል?» አለ ደቂቃ።

«ከቅጠሉ ከሆነ ካቆመች ሊመለስ ይችላል፣ ቀስ እያለ። ሁሉም ይመለሳል ብዬ አልዋሽም። ከስድስት ሳምንት በኋላ አያታለሁ። ይህን ያህል ውሰጂ ያለሽ ማን ነው?»

እታለም አንገቷን ቀና አደረገች። «ዶክተሯ ናት። ወንድሜ የሚሠራበት ቤት ያለችው። ለእሱ በአፏ ነገረችው።»

ሐኪሙ ጻፈው። ሲጽፍ ከወዲህ በኩል ሆኜ አየሁት፤ ለካ የተገለበጠ ጽሑፍም ማንበብ እችላለሁ። «ተመራማሪ ሐኪም ያዘዘችው» ይላል። ይህን እንኳ ባልቻልኩ።

ደቂቃ ወደ እኔ አየ። የሚቀድም ሰዓት ሲያይ እንደሚያየው፣ ሳይቆጣ፣ የት ጋ እንደተበላሸ እየፈለገ።

ሐሙስ፣ ቀን 5

ከክሊኒኩ ስልክ መጥቷል። ኃላፊው ዶክተሯን ጠራት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አልወጣችም። ያልተፈቀደ መድኃኒት ለሰው አዘዘች ተብሏል። ነገሩ እስኪጣራ የአብርድ ሥራ ቆሟል። የሚያድጉት ሕዋሶች ግን መቆም አይችሉም፣ ቁምሳጥኑ ውስጥ ናቸው፣ የሚመግባቸው የለም።

ማጠቢያው ክፍል መጣች። ካፖርቷን ለብሳለች።

«ጋሼ፣ እኔ ሦስት ማንኪያ ብዬዎት አውቃለሁ?»

እያለቀለቅሁ ነበር። ቁጥሩ ጠፋብኝ፣ እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።

«ረስተውት ይሆናል» አልኳት።

«ሰኞ ለት ባሏ ነው ብለውኝ ነበር።»

ውሃው ይፈሳል። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትጮህ ጥሩ ነበር፣ እኔም እጮህ ነበር።

«እሺ ጋሼ» አለችና ሄደች።

መነጽሩ ዛሬ «አቶ ብልቃጥ» አላለኝም። ሰኞ በአራት ሰዓት ኃላፊው እኔንና እታለምን ይጠይቃል።

ለዶክተሯ ባሏ ነው አልኩ። ለባሏ ዶክተሯ ናት አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። እኔ ግን በአፍ ብቻ አልቆምኩም።

እሑድ፣ ቀን 8

እታለም ስትጠብቀኝ ነበር። አውራ ጣቷ ጫፍ ላይ ትንሽ ሙቀት እንደሚሰማት ነገረችኝ፣ እንደ ምሥራች። የስፌት መኪናዋ ጨርቅ ለብሷል።

«ደብተሩን አመጣኸው?»

አምጥቼዋለሁ። ስልክ ላይ አምጣ ብላኝ ነበር።

«ያን ቀን የጻፍከውን አንብብልኝ። ነገ ሴትዮዋ አላልኩም ብትል እኔ ምን ብዬ እከራከራለሁ? እኔ ማንበብ አልችልም፣ አንተ ግን ጽፈኸዋል። የተጻፈ አይዋሽም።»

ከፈትኩት። እሑድ፣ ቀን 10። ደህና አድርጌ ጀመርኩ። የመለኪያ ሜትሩ ጋ ሳቀች። ደቂቃ «በቀን ስንት ይላሉ» የሚለው ጋ ደረስኩ። ቀጥሎ ያለውን ቃል አየሁት። ሦስት ፊደል ነው፣ ሕፃን ያነበዋል።

«ምን ሆንክ?»

«ጽሑፌ... ያኔ ገና ጀማሪ ነበርኩ። አይነበብም።»

«እኔ ልሞክረው» አለ ደቂቃ። የሰዓት አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ተቀበለኝ። ያን ገጽ አነበበው። ገለበጠ። መርፌውን። ቅጠል ሻጯን። «ልትገድላት ነው» ያልኩትን። «ምን ዓይነት ባል ነው» ያልኩትን። ለዶክተሯ «ባሏ» ያልኩትን። አንዱንም አልዘለለም። መስኮቱን ልዘል አስቤ ነበር፣ መስኮቱ ጠባብ ነው።

ደብተሩን ዘጋው። «እውነቱን ነው» አላት። «አይነበብም።»

«እንዴት አይነበብም? አንደኛ ወጥቶ!»

«ሁለተኛ ነው የወጣው።»

በር ድረስ ሸኘኝ። ዓመቱን ሙሉ ካለው በላይ ነው የተናገረው፦ «እኔ ልነግራት እችል ነበር። ከእኔ አትቀበልም። ዛሬ አስተካክለህ ጻፈው። ነገ በሁለት ሰዓት ና፣ መጀመሪያ ለእሷ አንብብላት። ከዚያ አብረን ኃላፊው ጋ እንሄዳለን።»

«ጋሼ...»

«እንዳታረፍድ።»

ሰኞ፣ ቀን 9

አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ፊደሉን ትልልቅ አድርጌ ነው የምጽፈው፣ አይነበብም እንዳልል።

እታለም፣ በዚህ ደብተር ውስጥ ያለው ሁሉ የሆነ ነው። ጥርጣሬዬም የእውነት ጥርጣሬ ነበር፤ ጋሼንም፣ ዶክተሯንም፣ ቅጠል ሻጯንም ከልቤ ነው የጠረጠርኩት። ያልጠረጠርኩት አንድ ሰው ብቻ ነው።

የፈጠርኩት አንድ ነገር ነው። ዶክተሯ ኮሪደር ላይ አላስቆመችኝም። ጓንቷን አላወለቀችም። ጋሼ ስንት ሲለኝ አንቺ እያየሽኝ ነበር፣ እጅሽ ጭንሽ ላይ ነበር፣ አላውቅም ማለት አቃተኝ። አንድ እንዳልል አንዱን እናንተም ታውቁታላችሁ። ሁለትን ማንም ይገምተዋል። ከላቦራቶሪ የመጣ የሚመስል ቁጥር ፈለግሁ፤ ዶክተሯ ደግሞ ለእኔ ብላ ከአፏ ያወጣችው አንድ ቁጥር ብቻ ነው።

ሦስቴ ነው፣ አይርሱ ብላኛለች። አልረሳሁም። ስለ ብርጭቆ ነበር።